የአንድ ትልቅ ቍጥር ጠባይ

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ ቍጥር ነው። ቍጥሩም መቶ ዘጠና አራት ሺሕ ከሦስት መቶ ዐሥራ ሦስት ይባላል፤ በአኃዝ ሲጻፍ 194,313 ነው። ወረቀትና እርሳስ በአጠገባችሁ ካለ ብትጽፉት መልካም ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር በጆሮ ብቻ ከመስማት በእጅ እያሰሉ መከተል ይበልጥ ያስደስታልና።

በመሥሪያ ቤት ለሚውል ሰው ትልቅ ቍጥር እንግዳ አይደለም። በበጀት መዝገብ፣ በደመወዝ መክፈያ፣ በእህል ርክክብ ሰነድ ላይ በየዕለቱ ያየዋል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ቍጥሩን የምንመለከተው እንደ መጠን ብቻ ነው፤ በዛ ወይም አነሰ ብለን እናልፈዋለን። ቍጥር ግን መጠን ብቻ ሳይሆን ጠባይም አለው። ጠባዩም የሚታወቀው ከምን ከምን እንደ ተሠራ፣ ለየትኛው እንደሚካፈልና ለየትኛው እንደማይካፈል ሲመረመር ነው። 194,313ን የመረጥንበት ምክንያትም፣ በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ ለብዙ መቶ ዓመታት የሠራ ቍጥር ከመሆኑ በላይ፣ በሰሜን ወሎ በቆቦና በራያ ቆላ የሚኖር ገበሬ ዕለት ዕለት ከሚቈጥራቸው ትንንሽ ቍጥሮች የተሠራ ስለ ሆነ ነው።

አስቀድመን ስለ መካፈል ጥቂት እንናገር። 24 እንቁላል ይዞ ወደ ቆቦ ገበያ የወጣ ሰው፣ እንቁላሉን ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8 ወይም ለ12 ሰው አንድም ሳይሰብር እኩል ሊያከፋፍለው ይችላል። እንቁላሉ 23 ቢሆን ግን ሁሉን ለአንድ ሰው ከመስጠት ወይም ለ23 ሰው አንዳንድ ከማደል በቀር ሌላ እኩል አከፋፈል የለውም። እንዲህ ያለው ቍጥር ብቸኛ ቍጥር ይባላል። ከ1 የሚበልጥ ሙሉ ቍጥር ሁሉ ወይ ራሱ ብቸኛ ነው፣ ወይም ብቸኛ ቍጥሮች እርስ በርሳቸው ተባዝተው የተሠራ ነው። አሠራሩም ለእያንዳንዱ ቍጥር አንድ ብቻ ነው፤ የብዜቱ ተራ ሊለዋወጥ ይችላል እንጂ ሌሎች ብቸኛ ቍጥሮች ተባዝተው ያንኑ ቍጥር ሊሰጡ አይችሉም።

እንግዲህ ቍጥራችንን እንፈትነው። የመጨረሻው አኃዝ 3 ስለ ሆነ ለ2ም ለ5ም አይካፈልም። አኃዞቹን ብንደምራቸው 1 እና 9 እና 4 እና 3 እና 1 እና 3፣ 21 ይሆናሉ፤ 21 ለ3 ስለሚካፈል ቍጥሩም በሙሉ ለ3 ይካፈላል፤ ድርሻውም 64,771 ነው። ይህን ለ7 ብናካፍለው 9,253 ይሆናል። 9,253ን ደግሞ ለ19 ብናካፍለው 487 ይወጣል። በዚህ ላይ ማካፈሉ ያበቃል፤ ከ2 ጀምሮ እስከ 19 ያሉት ብቸኛ ቍጥሮች ሁሉ ቢሞከሩ 487ን ያለ ቀሪ የሚያካፍል አይገኝምና። ቀጥሎ ያለው ብቸኛ ቍጥር 23 ነው፤ እርሱ በራሱ ሲባዛ 529 ሆኖ ከ487 ስለሚበልጥ፣ ከዚያ ወዲያ መሞከር አያስፈልግም። ስለዚህ 194,313 ማለት 3 ጊዜ 7 ጊዜ 19 ጊዜ 487 ማለት ነው፤ አካፋዮቹም 1ንና ራሱን ጨምሮ 16 ናቸው።

እነዚህን አራት ቍጥሮች እንደ ዘበት አንያቸው። 7 የሳምንቱ ቀን ቍጥር ነው። 19 ጨረቃና ፀሐይ የሚታረቁበት የዓመት ቍጥር ነው። 3 እና 487 ሲባዙ 1,461 ይሆናሉ፤ ይህም የአራቱ ወንጌላውያን ዘመን፣ ማለት የማቴዎስ፣ የማርቆስ፣ የሉቃስና የዮሐንስ አራት ዓመት ሲደመር የሚሆነው የቀን ቍጥር ነው። ስለ ሆነም በዚህ ትልቅ ቍጥር ውስጥ ሳምንት፣ ጨረቃና ፀሐይ ሦስቱም ተቀምጠዋል።

አሁን ወደ ቆቦ እንሂድ። የቆቦ ከተማ ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሜዳ ላይ ያለች ናት። በምዕራብ ከፍተኛው ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ አለ። በክረምት ከደጋው የሚወርዱት እንደ ጎሊናና እንደ ሆርማት ያሉት ወንዞች ጎርፋቸውን ወደ ሜዳው ያመጣሉ፤ ገበሬውም ጎርፉን በቦይ እየጠለፈ ማሽላውንና ጤፉን ያጠጣበታል። በዚህ አገር ክርስቲያኑና እስላሙ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ በሐዘንና በደስታ ይጠራራሉ።

እንዲህ ያለው ገበሬ ሦስት ዐይነት ቈጠራ በአንድ ጊዜ ይዞ ይኖራል። ገበያውን በሳምንት ይቈጥራል። የዘርና የአጨዳ ጊዜውን በፀሐይ ዓመት ይቈጥራል። ጾሙንና በዓሉን ደግሞ፣ እስላሙ የረመዳንንና የዐረፋን፣ ክርስቲያኑ የዐቢይ ጾምንና የፋሲካን፣ ከጨረቃ ጋር አያይዞ ይቈጥራል። እነዚህ ሦስት ቈጠራዎች እያንዳንዳቸው በራሳቸው እርምጃ የሚሄዱ ናቸው። እንግዲህ ሦስቱ አንድ ቀን አብረው ቢነሡ፣ እንደ ገና አብረው የሚነሡት መቼ ነው? ጥያቄው ይህ ነው።

መልሱን ለማግኘት ሁለት ነጋዴዎችን እናስብ። አንደኛው በየ4 ቀኑ፣ ሁለተኛው በየ6 ቀኑ ወደ ቆቦ ይመጣሉ እንበል። ዛሬ ከተገናኙ ዳግመኛ የሚገናኙት 4 በ6 ሲባዛ በሚሆነው በ24ኛው ቀን ሳይሆን በ12ኛው ቀን ነው፤ 4ና 6 ሁለቱም ለ2 ስለሚካፈሉ መገናኛው ይቀርባልና። ሁለተኛው ነጋዴ በየ7 ቀኑ የሚመጣ ቢሆን ግን፣ 4ና 7 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ከ28 ቀን በፊት አይገናኙም። ይህ መገናኛ በሒሳብ ትምህርት ትንሹ የጋራ ብዜት ይባላል።

በዚሁ መንገድ እንራመድ። ዓመቱ 365 ቀን ከሩብ ተብሎ ይቈጠራል። ሩቡ በአራት ዓመት አንድ ሙሉ ቀን ሆኖ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ይሆናል። አራቱ ዓመት 1,461 ቀን ነው ብለናል፤ ይህ ለ7 ሲካፈል 5 ይቀራል። ስለዚህ ከአራት ዓመት በኋላ መስከረም 1 የሚውልበት ቀን 5 ቀን ይሸሻል፤ ወደ ቦታው የሚመለሰውም ሰባት ጊዜ አራት ዓመት ሲፈጸም፣ ማለት በ28 ዓመት ነው። ይህ ዓውደ ፀሐይ ይባላል።

ጨረቃ ደግሞ 12 ጊዜ ስትወለድ 354 ቀን ያህል ብቻ ስለሚሆን ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ታንሳለች። ጉድለቱ እየተጠራቀመ ሄዶ በ19 ዓመት 7 ተጨማሪ ወር ይሆናል፤ 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ይተካከላል። ይህ ንኡስ ቀመር ነው። ነገር ግን 19 ዓመት 6,939 ቀን ከ18 ሰዓት ስለሆነ ሙሉ ቀን አይደለም። ሙሉ ቀን እንዲሆን አራት ጊዜ መደጋገም አለበት፤ አራት ጊዜ 19 ደግሞ 76 ዓመት ነው፤ ቀኑም ሲቈጠር 27,759 ይሆናል። ይህ ዓውደ ማኅተም ነው። 27,759 ለ7 ሲካፈል 4 ይቀራል፤ ስለዚህ ሳምንቱ ገና አልታረቀም። እንደ ገና ሰባት ጊዜ ቢደጋገም 532 ዓመት ይሆናል። ይህም ዐቢይ ቀመር የሚባለው ነው። የ532 ዓመት ቀን ተቈጥሮ ሲደመር እነሆ 194,313 ይመጣል። ከዚህ የሚያንስ ቍጥር ሦስቱን አያስታርቅም። በውስጡ 27,759 ሳምንትና 6,580 የጨረቃ ወር አለ፤ የ532 ዓመት የሳምንት ብዛትና የ76 ዓመት የቀን ብዛት አንድ መሆኑም አድማጭ ሊያስተውለው የሚገባ ነው።

ይህ ሥራ በአገራችን ባሕረ ሐሳብ በሚባለው ትምህርት ውስጥ ይገኛል። ትውፊቱ የሒሳቡን መጀመሪያ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጣል። የሒሳብ ታሪክ ሊቅ የነበሩት ኦቶ ኖይገባወርም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1979 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ የጥንቱ የእስክንድርያ የዘመን ሒሳብ በግእዝ መጻሕፍት ተጠብቆ መቈየቱን አሳይተዋል። የእኛ ሊቃውንት ሒሳቡን ተቀብለው በቃል አስተማሩት፤ የዐድባራቱ ተማሪም ያለ ወረቀት በጣቱ አንጓ ያሰላው ነበር።

ለምሳሌ ያህል የ2018 ዓ.ም. ፋሲካን እናውጣ። 5,500 ዓመተ ኵነኔን ብንጨምርበት 7,518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። 7,518ን ለ4 ብናካፍለው 1,879 ደርሶ 2 ይቀራል፤ ቀሪው 2 ሲሆን ዘመኑ ማርቆስ ነው። 7,518ና 1,879 ተደምረው 9,397 ይሆናሉ፤ ለ7 ሲካፈሉ 3 ይቀራል። ከማክሰኞ ጀምረን ስንቈጥር ሦስተኛው ሐሙስ ነው፤ መስከረም 1 ሐሙስ ይውላል። ደግሞ 7,518ን ለ19 ብናካፍለው 13 ይቀራል፤ አንዱን ስንተው ወንበሩ 12 ይሆናል። 12ን በ19 ብናባዛው 228 ሆኖ ለ30 ሲካፈል 18 ይቀራል፤ መጥቅዑ 18 ነው። 18 ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም 18 ይውላል፤ ቀኑም እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ 7 ስለሆነ 18ና 7 ተደምረው 25 ይሆናሉ፤ ይህ መባጃ ሐመር ነው። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ይገባል። በ25 ላይ የፋሲካን ተውሳክ 9ን ብንጨምር 34፣ ከዚያም 30 ቢነሣ 4 ይቀራል፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ነው።

አሁን ከ2018 ላይ 532ን ብንቀንስ 1486 ዓ.ም. ይሆናል፤ ዘመኑም የዐፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት ነበረ። በዚያም ዓመት መስከረም 1 ሐሙስ፣ ፋሲካም ሚያዝያ 4 ቀን ነበረ። ወደ ፊትም 532 ብንጨምር በ2550 ዓ.ም. እንዲሁ ይሆናል። የ194,313 ጠባይ የሚታየው በዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እስላም ወንድሞቻችን ቈጠራ እንለፍ። እነርሱ የጨረቃን ዓመት ከፀሐይ ጋር ሳያስታርቁ እንዳለ ይዘው ይሄዳሉ። ስለዚህ ዐረፋ በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ በ33 የጨረቃ ዓመት ገደማ በጋውንም ክረምቱንም ይዞራል። መሪጌታው አበቅቴ ለማውጣት የሚያባዛው 11ና ሼሁ በዓሉ በየዓመቱ ሲሸሽ የሚያየው 11 አንድ ናቸው፤ አንዲቱ ጨረቃ በአንዱ ሰማይ ላይ የምታሳየው ጉድለት ነውና። በሠንጠረዥ የሚያሰሉት የእስላም ሊቃውንት በ30 ዓመት ውስጥ 11 ዓመታትን 355 ቀን አድርገው ይቈጥራሉ፤ ይህ 11 ግን ከፊተኛው ጋር በአጋጣሚ ተመሳሰለ እንጂ ሌላ ነው። የ30ው ዓመት ቀን ሲደመር 10,631 ይሆናል። 10,631 ደግሞ ብቸኛ ቍጥር ነው፤ ለማንም አይካፈልም። ስለዚህ ከሳምንት ጋር የሚታረቀው ሰባት ጊዜ ሲደጋገም፣ ማለት በ210 የጨረቃ ዓመት፣ በ74,417 ቀን ነው። እርግጥ ጾሙና በዓሉ የሚያዘው ጨረቃን በዐይን በማየት ስለሆነ ሠንጠረዡ ለስሌት ይረዳል እንጂ የመጨረሻውን ቃል አይናገርም።

ሠንጠረዡ የመጨረሻውን ቃል አይናገርም ያልነው ለክርስቲያኑም ቈጠራ እውነት ነው። 194,313 በራሱ ውስጥ እንከን የለበትም፤ ሰማይ ግን ለሙሉ ቍጥር አይገዛም። እውነተኛዋ ጨረቃ 6,580 ጊዜ ለመወለድ የሚበቃት 194,311 ቀን ከሩብ ያህል ነው፤ ስለዚህ ዐቢይ ቀመር ከጨረቃ ወደ 2 ቀን ይዘገያል። ከፀሐይም ወቅት በ532 ዓመት ውስጥ 4 ቀን ያህል ይለያል። ኤውሮፓውያን ይህን ለማረም እንደ እነርሱ አቈጣጠር በ1582 ዓ.ም. ጎርጎርዮሳዊውን አቈጣጠር አወጡ። ማረሚያው ግን ዋጋ አስከፈለ፤ የእኛ ፋሲካ በ532 ዓመት ሲደገም፣ የእነርሱ በሙሉ የሚደገመው በ5,700,000 ዓመት ነው። የአንዱ ሒሳብ ቀላል ሆኖ ከሰማይ ጥቂት ይርቃል፤ የሌላው ወደ ሰማይ ቀርቦ ከሰው ጣት አንጓ ይርቃል።

አድማጮቻችን፤ ይህ ሁሉ ለመሥሪያ ቤት ሰው ምን ይጠቅመዋል የሚል ቢኖር፣ መልሱ ቅርብ ነው። በራያ ቆላ ረዥም ጊዜ የሚፈጀው ማሽላ የበልጉን ዝናብ ይዞ በሚያዝያና በግንቦት ይዘራል። አንድ ጸሓፊ «ዘሩ ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ ይታደል» ብሎ ደብዳቤ ቢጽፍ፣ ቀኑን የወሰነ ይመስለዋል። ነገር ግን ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ድረስ በ35 ቀኖች ውስጥ ይመላለሳል። ስለዚህ ያ ደብዳቤ በአንዱ ዓመት ሚያዝያ 10፣ በሌላው ዓመት ግንቦት 14 ማለት ይሆናል። በመካከሉ ያለው 34 ቀን ለማሽላ ዘር የመብቀልና የመቅረት ልዩነት ነው። ከዐረፋ በኋላ ተብሎ የተጻፈ ቀጠሮም በየዓመቱ 11 ቀን ይሸሻል። ገበሬው ይህን ያውቃል፤ የዘር ጊዜውን ከሚንቀሳቀሰው በዓል ላይ አያስርም፤ ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም እያለ ከፀሐይ ጋር በሚሄደው ቀን ይቈጥራል። የተማረው ጸሓፊ ከገበሬው አንሶ ሊገኝ አይገባውም።

ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ እንደ ገናም በ1977 ዓ.ም. በደረሰባት ረኃብ የራያና የቆቦ ሕዝብ ብዙ ወገኑን አጥቷል። እህል በጊዜው ካልደረሰ፣ የተጻፈው ቍጥር ትክክል ቢሆን እንኳ ሰውን አያድንም። በጊዜው ደርሶም ቍጥሩ ከተሳሳተ እንዲሁ ነው። በዚህም የቍጥር ጠባይ ማወቅ ይረዳል። የእህል ሒሳብ ሲዘጋ ሁለት ድምሮች አልገናኝ ቢሉ፣ ልዩነታቸውን ለ9 አካፍሉት። ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ተጽፈው ይሆናልና አስቀድማችሁ ያንን ፈልጉ። ለምሳሌ 194,313 በችኮላ 149,313 ተብሎ ቢገለበጥ ልዩነቱ 45,000 ነው፤ 45,000ም ለ9 ይካፈላል። አኃዞች ቦታ በተለዋወጡ ቍጥር ልዩነቱ ምንጊዜም እንዲህ ነው። 45,000 ኪሎ ማሽላ ማለት ደግሞ 450 ኩንታል ነው፤ በአንድ እስክሪብቶ ስሕተት ከመዝገብ የጠፋ 450 ኩንታል በስንት ቤት ምጣድ ያስቀራል?

እንግዲህ ትልቅ ቍጥር ሲያጋጥመን ከሁለት ነገር እንጠበቅ። አንደኛው መፍራት ነው፤ የቱንም ያህል ቢተልቅ ገበሬው ከሚያውቃቸው ትንንሽ ቍጥሮች የተሠራ ነውና። ሁለተኛው ማምለክ ነው፤ በወረቀት ላይ ያለ ቀሪ የተካፈለ ቍጥር በሰማይ ወይም በመሬት ላይ ቀሪ ሊኖረው ይችላልና። ሊቃውንቱ ሒሳቡን በጣት አንጓ አስተማሩ፤ ሼሆቹ ሠንጠረዡን ይዘው ጨረቃዋን ለማየት ከደጅ ይወጣሉ። አስልቶ የጻፈ ሰውም ወጥቶ ማየት ይገባዋል።